በቨርጂኒያ ቀይ ወይን ጠጅ ለመቅመስ፦ የቅዳሜና እሑድ ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል የነዳ ሰው፣ የብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ግራና ቀኝ የወይን ማሳዎችን ማየት ይጀምራል። በቨርጂኒያ ከ300 በላይ ዋይነሪዎች (የወይን ጠጅ መጥመቂያዎች) አሉ፤ በዚሁ አካባቢ የሚኖረው የአበሻ ማኅበረሰብም ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ወደነዚህ ቦታዎች የምንሄደው ለልደት ወይም ለሙሽራና ለሚዜዎች ፕሮግራም በብዛት ተሰባስበን ነው፤ ፎቶ እንነሣለን፣ የቀረበልንን እንጠጣለን፣ የጠጣነው ምን እንደነበረ ሳንለይ እንመለሳለን። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ግን ቀይ ወይን ጠጁን ራሱን ማወቅ ለሚፈልግ፣ ከሁለት እስከ አራት ሰው ሆኖ ለሚጓዝና ሁለት ቀን መስጠት ለሚችል አንባቢ ነው። የማቀርበው ዘዴ አንድ ነው፦ በየሄዱበት ዋይነሪ ያንኑ አንድ የወይን ዓይነት፣ ካቤርኔ ፍራንክን፣ እንደ መለኪያ ይያዙ፤ በቀን ከሁለት ዋይነሪ በላይ አይሂዱ።

ጊዜውን መምረጥ

በቨርጂኒያ የወይን ለቀማ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ቀዩ ወይን በአብዛኛው የሚለቀመው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ለቀማውን ማየት ደስ ቢልም፣ ጥቅምት የዛፎች ቅጠል የሚቀላበት ወር በመሆኑ ቅዳሜና እሑድ መንገዱም የቅምሻ ክፍሉም ይጨናነቃል፤ በዚያ ግርግር መካከል ቀጂውን ስለ አፈሩ ወይም ስለ በርሜሉ መጠየቅ አይታሰብም። ለመማር የሚሄድ ሰው የኅዳርን መጀመሪያ ወይም ግንቦትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በጾም ወቅት መጠጥ የማይቀምሱ ከሆነ ወይም ከጓደኞችዎ መካከል የሚጾም ካለ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ አስቀድመው ይመልከቱ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከመስቀል በኋላ እስከዚያ ያለው ጊዜ ክፍት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ሁለተኛው አመቺ ወቅት ናቸው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድም ሰው አብሮ ካለ ደግሞ ከዚህ በታች የተቀመጠውን ቅደም ተከተል ገልብጦ ረጅሙን መንገድ ቅዳሜ ማድረግ ይቻላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዋይነሪዎች ለከተማው ይቀርባሉ።

መንገዱና አራቱ ማረፊያዎች

ቅዳሜ ወደ ሚድልበርግ ይሂዱ። ይህች ከተማ በፈረስ እርባታዋ የታወቀች ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ራሱን የቻለ የወይን አብቃይ ክልል ሆኖ በፌዴራል መንግሥት ዕውቅና አግኝቷል። በከተማዋ ጠርዝ ላይ የሚገኘው ቦክስዉድ የመጀመሪያው ማረፊያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ትኩረቱ የፈረንሳዩ የቦርዶ አካባቢ በሚያበቅላቸው የቀይ ወይን ዓይነቶች ላይ በመሆኑ ለቀይ ቅምሻ የተመቸ መነሻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመንዳት በብሉ ሪጅ ተዳፋት ላይ ወዳለው ሊንደን ይለፉ። ባለቤቱ ጂም ሎው በ1980ዎቹ የመሠረተው ይህ ዋይነሪ በጸጥታው የታወቀ ነው፤ ለጭፈራና ለትልቅ ቡድን የሚሆን ቦታ አይደለም። ሎው ደጋግሞ የሚያነሣው ጉዳይ ማሳው ነው፤ የትኛው ተዳፋት ለየትኛው ወይን እንደሚስማማ፣ ውሃ ቶሎ የሚያንጠፈጥፍ አፈር ለምን እንደሚመረጥ። ሃርድስክራብል ከተባለው ማሳ የሚወጣውን ቀይ ወይን ጠጅ ሳይቀምሱ አይውጡ። ቅይጥ፣ ማለትም ከተለያዩ የወይን ዓይነቶች የተቀላቀለ፣ ስለሆነ ለመለኪያ አይሆንዎትም፤ ጥቅሙ ግን የተዳፋት ወይን ከሜዳው ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ነው።

አዳርዎን በከልፔፐር ወይም በሻርለትስቪል ያድርጉ። እኔ ከልፔፐርን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ከተማ ነች፣ ሆቴሉ አይወደድም፣ ለእሑዱም መንገድ መሐል ላይ ናት።

እሑድ ወደ ባርበርስቪል ይሂዱ። ይህ ዋይነሪ ለቨርጂኒያ ወይን ታሪክ ያለው ቦታ ሰፊ በመሆኑ ትንሽ ልቆይበት። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ፊሊፕ ማዜይ ከተባለ ጣሊያናዊ ጋር ሆኖ በ1770ዎቹ የአውሮፓን ወይን በመኖሪያው በሞንቲቸሎ አካባቢ ለማልማት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቷል፤ ውርጩ፣ የፈንገስ በሽታውና የወይኑን ሥር የሚበላው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ አላስበቀሉትም። ከዚያ ሙከራ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የጣሊያን የዞኒን ቤተሰብ ከሞንቲቸሎ ብዙም ሳይርቅ ባርበርስቪልን አቋቋመ። በግቢው ውስጥ ጄፈርሰን ለጓደኛው ለገዥው ጄምስ ባርበር የነደፈው ቤት ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል፤ ቤቱ የተቃጠለው በ1884 የገና ዕለት ነው። ኦክታጎን የተባለው የዋይነሪው ታዋቂ ቀይ ቅይጥ ስሙን ያገኘው በዚህ ቤት ውስጥ ከነበረው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ነው። ዞኒኖች ሲመጡና ጄፈርሰን ሲሞክር የነበረው ልዩነት ዕድል ብቻ አልነበረም፤ ፊሎክሴራን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ የአውሮፓን ወይን ማዳቀልና ፈንገስን በመድኃኒት መከላከል በመካከሉ ታውቆ ነበር።

ከባርበርስቪል ጥቂት ደቂቃ ነድተው ወደ ሆርተን ይሻገሩ። መሥራቹ ዴኒስ ሆርተን ኖርተን የተባለውን አሜሪካዊ ወይን መጀመሪያ ወደተገኘባት ወደ ቨርጂኒያ የመለሰ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ማረፊያ እንዲሆን የመረጥኩትም በዚህ ወይን ምክንያት ነው። ኖርተንን ቀምሰው ወደ ለስላሳ ወይን መመለስ ከባድ ነው።

ዋይነሪዎች በአብዛኛው ከረፋዱ 5 ሰዓት ይከፍታሉ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። የሥራ ቀናቸውና የቅምሻ ዋጋቸው ስለሚለዋወጥ ከመነሣትዎ በፊት በሳምንቱ ውስጥ ደውለው ያረጋግጡ፤ ሲደውሉም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል ወይ፣ ልጅ ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይቻላል ወይ። የኋለኞቹ ሁለቱ ከዋይነሪ ዋይነሪ በጣም ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ከ21 ዓመት በታች ያለን ሰው ከበር ይመልሳል።

ሹፌሩና የመጠኑ ስሌት

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ማን እንደሚነዳ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚደረግ ውይይት አይደለም። በተለመደው ቅምሻ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ወይን በየተራ ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው። አምስቱ ሲደመሩ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይሆናሉ። ለጋስ ቀጂ ከገጠመዎት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የቨርጂኒያ ቀይ ወይን ጠጅ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 13 ወይም 14 ስለሆነ፣ ሁለት ዋይነሪ የጎበኘ ሰው ምንም ሳያስበው ከሁለት እስከ አራት መጠጥ ጠጥቶ ይወጣል። ሰውነት አንዱን መጠጥ ለማስወገድ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ይህን አያፋጥንም።

በሕጉ የተቀመጠው ጣሪያ በደም ውስጥ 0.08 ከመቶ አልኮል ነው። ጠጥቶ መንዳት የሚያስከትለው ቅጣት በራሱ ከባድ ሲሆን፣ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ላላለቀ ሰው ደግሞ መዘዙ ከገንዘብና ከመንጃ ፈቃድ ያልፋል። ስለዚህ ሹፌሩ ወይ ጨርሶ አይቅመስ፣ ወይም ቅዳሜ አንዱ እሑድ ሌላው ይንዳ። ሹፌር መቅጠርም አማራጭ ነው፤ ለአራት ሲካፈል የሚወደድ አይደለም።

እዚህ ላይ መትፋትን ማንሣት ግድ ይላል። በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ሰፋ ያለ ዕቃ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው፤ በሙያው ያሉ ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ። የተቀዳለትን ከሰው ፊት መትፋት እንደ ነውር ሲነገረው ላደገ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ቀጂው የሚናደደው በተተፋው ወይን ሳይሆን ሳይሸተት በተጨለጠው ነው። መትፋቱ ከከበደዎት የተረፈውን ከብርጭቆው ወደ ዕቃው መድፋት ይበቃል።

መለኪያው፦ ካቤርኔ ፍራንክ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የቨርጂኒያ በጋ ሞቃትና ዝናባማ ነው፤ በሚያዝያ መጨረሻ እንኳ ውርጭ ሊመታ ይችላል፣ በመስከረም ደግሞ የማዕበል ርዝራዥ የሆነ ዝናብ ለለቀማ በደረሰው ፍሬ ላይ ይወርዳል። በዚህ አየር ዘግይቶ የሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን ሳይበስል የሚቀርባቸው ዓመታት አሉ። ካቤርኔ ፍራንክ ግን ቀደም ብሎ ይበስላል፤ ዘለላውም ሳሳ ያለ ስለሆነ በፍሬዎቹ መካከል አየር ያልፋል፣ ርጥበቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ሻጋታም አይበረታበትም። በግዛቱ በየዋይነሪው የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየቦታው ስለሚገኝም ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለማነጻጸር ይመቻል።

ሽታው ከሌሎች ለመለየት ቀላል ነው። በዚህ ወይን ውስጥ ያለው ፓይራዚን የተባለ ንጥረ ነገር በአረንጓዴ ቃሪያ ውስጥ ያለው ራሱ ስለሆነ፣ አፍንጫችን ገና ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ፍሬው በደንብ ሳይበስል ከተለቀመ ቃሪያው ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ በደንብ ከበሰለ ደግሞ ወደ ኋላ ሸሽቶ የእንጆሪ፣ የቁንዶ በርበሬና የደረቀ ቅጠል ሽታ ይቀድማል። ስለዚህ በየዋይነሪው ይህን አንድ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፦ ቃሪያው ምን ያህል ነው? በቦክስዉድ፣ በባርበርስቪልና በሆርተን የሚያገኙት መልስ ስለ ማሳው፣ ስለ ዓመቱና ስለ ጠማቂው ውሳኔ ብዙ ይነግርዎታል።

ዓመቱንም ሳይጠይቁ አይለፉ። 2018 በቨርጂኒያ ዝናብ የበዛበት ዓመት ነበር፤ የዚያን ዓመት ቀዮች ብዙዎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው። ተከታዩ 2019 ሞቃትና ደረቅ ስለነበረ ወይኑ ሞላ ያለ ሆነ። ከአንድ ማሳ የወጡ የሁለቱን ዓመት ጠርሙሶች ጎን ለጎን የሚያቀርብ ዋይነሪ ከገጠመዎት ተጨማሪ ቢከፍሉም አይቆጭዎትም።

ከመለኪያው ቀጥሎ ሊያውቋቸው የሚገቡ ሌሎች ጥቂት ናቸው። መርሎ ለስላሳ ነው፤ ከአክሱማይት ጣፋጭነት በቀጥታ ወደ ደረቅ ቀይ ለሚሻገር ሰው የተሻለው ድልድይ እሱ ነው። ፔቲ ቬርዶ በቦርዶ ዘግይቶ ስለሚበስል ለቅይጥ ጥቂት ብቻ የሚጨመር ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ግን ቆዳው ወፍራም በመሆኑ ዝናቡን ተቋቁሞ ብቻውን ይጠመቃል፤ ቀለሙ ጥልቅ ነው፣ አፍን የሚያደርቀው ንጥረ ነገሩ፣ ታኒኑም፣ ጠንካራ። ታናት ከፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ የመጣ ሲሆን ከሁሉም የከበደ ነው።

ኖርተን ለብቻው ነው። በ1820ዎቹ ዶክተር ዳንኤል ኖርተን በሪችመንድ ያለማው ይህ ወይን በአሜሪካ ምድር የተገኘ በመሆኑ አውሮፓዊውን ወይን የሚገድሉት በሽታዎች ብዙም አይነኩትም። ብርጭቆውን ቢያዘነብሉት ጠርዙ ላይ እንኳ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው፤ ጥርስንም ያቀልማል። ጎምዛዛነቱ ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጣል። በመጀመሪያው ጉንጭ የሚወደው ሰው ጥቂት ነው፤ ሳይበላበት መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም።

የቅምሻው ሂደት

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። ሽቶ አይቀቡ፤ በሌሎች ቀማሾች ላይም ጭምር ነው ጉዳቱ። ከቅዳሴ በቀጥታ የሚመጣ ሰው ነጠላውን መኪና ውስጥ ቢተው መልካም ነው፤ ዕጣን በልብስ ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ የካቤርኔ ፍራንክን ቀጭን ሽታም ይውጣል። ቁርስ መብላት ግዴታ ነው፤ ይሁን እንጂ በርበሬ የበዛበት ፍርፍር ምላስን ስለሚያደነዝዝ ለዚያ ቀን ቂንጬ ወይም እንቁላል ይሻላል።

ብርጭቆው ሲቀዳልዎ እግሩን ይያዙ፤ ሆዱን ከያዙት የእጅዎ ሙቀት ወይኑን ያሞቀዋል። ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው የጥንት አውሮፓ ቤት ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን የተለመደ ነው፤ ተስማሚው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በበጋ ሞቆ ከቀረበልዎ ጥቂት እንዲቀዘቅዝ መጠየቅ ነውር የለውም።

መጀመሪያ ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብለው ጠርዙን ይመልከቱ፤ ሐምራዊ ከሆነ ወይኑ ወጣት ነው፣ ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ ቆይቷል። ቀጥሎ ሳያናውጡ ያሽትቱ፤ ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከርክረው ደግመው ያሽትቱ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይበሉ፤ አየር ሲያገኝ የሚከፈት ወይን አለ፣ የመጀመሪያው ሽታው ሁሉም የሆነ ወይንም አለ። ከዚያ ጥቂት ተጎንጭተው በአፍዎ ውስጥ ያዙሩት፤ በከንፈርዎ መካከል ትንሽ አየር ቢስቡበት ሽታው ወደ አፍንጫ ይወጣል።

በአፍ ውስጥ ሳለ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይፈልጉ። ምራቅዎ በጉንጭዎ ውስጠኛ ክፍል የሚመነጭ ከሆነ ያ ጎምዛዛነት ነው። ድድዎን ጨብጦ አፍዎን የሚያደርቀው ደግሞ ታኒን ነው፤ ቅጠሉ ሳይወጣለት ለረጅም ጊዜ የቆየ ሻይ የሚያደርገውን ያደርጋል። ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ሙቀት አልኮሉ ነው። ብዙ ጀማሪ ሦስቱንም አንድ ላይ «ይመራል» ብሎ ያልፋቸዋል፤ መለየት ሲጀምር ግን የቱን እንደሚወድና የቱን እንደማይወድ ለሻጭ ማስረዳት ይችላል። ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ይከታተሉ።

ሳይረሳ ይጻፉ። በስልክም ይሁን በወረቀት የዋይነሪውን ስም፣ የወይኑን ዓይነት፣ ዓመቱንና አንድ መስመር አስተያየት ይመዝግቡ፤ ለካቤርኔ ፍራንክ የቃሪያውን መጠን ከአምስት ነጥብ ይስጡ። «ጥሩ ነው» የሚል ማስታወሻ በማግስቱ ምንም አይነግርዎትም። በየቅምሻው መካከል ውሃ ይጠጡ፣ ነጭ ዳቦ ይቁረሱ፤ ቅደም ተከተሉንም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያድርጉ። ቀጂው በሌላ ቅደም ተከተል ካቀረበ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ ብዙውን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አለው።

ምግብ

ብዙ ዋይነሪዎች አይብና ዳቦ ይሸጣሉ፤ ባርበርስቪል የራሱ ምግብ ቤት አለው። የራስዎን ምግብ ማስገባት በሚፈቀድበት ቦታ ግን የእኛን ምግብ ከወይኑ ጋር መፈተን አስደሳች ነው። ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ፦ የበርበሬ ማቃጠል የአልኮሉን ሙቀትና የታኒኑን ምረት አጉልቶ ያወጣል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ወይም ለቀይ ወጥ ታኒኑ የቀለለ፣ የበርሜል ጣዕም ያልበዛበት ካቤርኔ ፍራንክ፣ ጥቂት ቀዝቀዝ ተደርጎ ይስማማል። ፔቲ ቬርዶና ታናት ሚጥሚጣ ላልበዛበት የበግ ጥብስ ይቀመጡ፤ ስቡ ታኒኑን ያለዝበዋል። ኖርተን ደግሞ ጎምዛዛነቱ ቅባትን ስለሚቆርጥ ከጎድን ጥብስ ጋር ሲቀርብ ሌላ ወይን ይመስላል።

መግዛትና ማጓጓዝ

ቅምሻው ካለቀ በኋላ የመግዛት ግዴታ የለም። ወይኑ ያልጣመው ሰው ቀጂውን አመስግኖ የቅምሻውን ከፍሎ መውጣት ይችላል፤ ይሉኝታ ይዞት ሦስት ጠርሙስ የሚሸከም ሰው አይጠፋም። ከገዙ፣ ከመለኪያዎ የወደዱትን አንድ፣ ከዚያ ደግሞ ያልገባዎትን አንድ ይግዙ፤ ሁለተኛው ቤት ሲከፈት ከምግብ ጋር ዳግም ዕድል ያገኛል።

በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይንን ሊያበላሽ ይችላል፤ ቡሹ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ካዩ ተጎድቷል ማለት ነው። የበረዶ ሣጥን ይዘው ይሂዱ፤ በረዶ ግን አያብዙበት፣ ዓላማው ከፀሐይ መጠበቅ ብቻ ነው። አዳር ሲያደርጉ ጠርሙሶቹን ወደ ክፍልዎ ያስገቡ።

ቤት ሲደርሱ ባለ ቡሽ ጠርሙሶችን ቡሹ እንዳይደርቅ በጎናቸው አስተኝተው ከምድጃና ከመስኮት በራቀ ቦታ ያስቀምጡ። ለዕለት የሚጠጣ ካቤርኔ ፍራንክና መርሎ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቢጠጡ ይመረጣል፤ የደህና ዓመት ኦክታጎን፣ ፔቲ ቬርዶና ታናት አሥር ዓመትም ሊቆዩ ይችላሉ። የተከፈተ ጠርሙስ ካልተጨረሰ ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት፤ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፣ ከመጠጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ማውጣት ይበቃል። ከዚያ ያለፈውን ለጥብስ ወይም ለሥጋ መዘፍዘፊያ ያውሉት።